አጥንት አይጫንም

ባሌን ባለጋሪዎቹ ሁሉ «ጋሼ ሚዛን» ነው የሚሉት። ፈረስ ሊገዛ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእኛን በር ነው። እሱ ሄዶ ቆሞ ያያል፣ አንድ ዙር ይዞራል፣ ጥርስ ይገልጣል፣ ኮቴ ያነሳል፤ ከዚያ «ውሰድ» ወይም «ተው» ይላል። አለቀ። ሦስተኛ ቃል ጨምሮ አያውቅም። ቤቱ ውስጥም እንዲህ ቁጥብ ነው ብላችሁ እንዳትሞኙ፤ ሾርባው ጨው ከበዛበት እስኪመሽ ሲነግረኝ ይውላል።

እንግዲህ ይህ ለሰው ሁሉ ፈረስ ሲመርጥ የኖረ ሰው፣ የገዛ ፈረሱ የሞተበት ጊዜ ለራሱ መምረጥ አቃተው። አንድ ግራጫ ይዘውለት መጡ። እኔ ፈረስ የማላውቀው ሴትዮ እንኳ አፌን ከፍቼ ቀረሁ፤ ሲያዩት የሚያጠግብ ነበር። «አንገቱ አጭር ነው» ብሎ መለሰው። አንዲት ዳማ ባዝራ መጣች፤ እሷ ደግሞ ስትቆም ትወዛወዛለች ተባለች። ከዚያ በኋላ የመጣው ኮቴው አልጣመውም፣ የሚቀጥለው ሲተነፍስ ድምፅ አለው። ሻጮቹ በትሕትና እየሰሙ ይሄዳሉ። ሚዛን ተው ካለ ተው ነዋ።

«እትዬ፣ እባክሽ ንገሪው» ይለኛል ራዲዮ። ራዲዮ የጡብ ፋብሪካውን ጋሪ በቅጥር የሚነዳ ጎረቤታችን ነው። የሰማውን ያወራል፣ ያልሰማውንም ጨምሮ ያወራል፤ ስሙን ያገኘው በላቡ ነው። ባሌን እንደ ታላቅ ወንድም ስለሚያየው ደጃችንን ሳይረግጥ የሚውልበት ቀን የለም። «ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጡ ሲባል ሰምቻለሁ። ይሄ ሰውዬ ግን ቆንጆ ቆንጆውን እየመለሰ ነው እኮ! ምን ነካው?»

እኔ ምን እንደነካው አውቃለሁ። ባሌ ዓይኑ ጠፍቷል።

ነገሩ የጀመረው ቀስ ብሎ ነው። ሻይ ሲቀዳ ከብርጭቆው ውጪ ያፈሳል፤ በር ሲያልፍ ትከሻውን ይመታል፤ «ማነው ይህን ወንበር እዚህ ያስቀመጠው?» ብሎ ይቆጣል፣ ወንበሩ ከተጋባን ጀምሮ እዚያው ያለ ወንበር። እየጎተትኩ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሟ መብራቷን እያበራች ብዙ ካየችው በኋላ፣ ከዓይኑ ኋላ ያለው ነርቭ እየሞተ መሆኑን፣ በመነጽርም በቀዶ ጥገናም እንደማይመለስ ነገረችን። ደግ ልጅ ናት፤ ስትነግረን እጇን እጁ ላይ አድርጋ ነበር። ስንወጣ ደረጃው ላይ ክንዴን ጭምድድ አድርጎ ያዘና «ለአንድ ሰው ትንፍሽ ብትዪ እኔና አንቺ ተለያየን» አለኝ። ቁጣ መስሎኝ ነበር አያያዙ። ለካ ደረጃው አልታየውም።

ታዲያ እንዴት ጋሪ ነዳ ትሉኝ ይሆናል። አሮጌው ፈረስ ነዋ! ያ ፈረስ ወፍጮ ቤቱን ያውቃል፣ የእንጨት መጋዘኑን ያውቃል፣ የትኛው መታጠፊያ ላይ መኪና እንደሚበዛ ያውቃል። ባሌ የልጓሙን ጠፍር፣ ዛቡን፣ የሚይዘው ለይምሰል ነበር። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይላሉ፤ ያኛው ግን ለባሌ ተዋግቶለታል። እርጅና ጥሎት የሞተ ቀን፣ ባሌ ገላው እስኪቀዘቅዝ አንገቱ ላይ እጁን ጥሎ ጋጣው ውስጥ ተቀመጠ። ሰው ሁሉ ለፈረሱ ያዘነ መሰለው። የባሌ ዓይን የጠፋው ያን ቀን መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

አዲስ ፈረስ መንገድ አያውቅም። ጎበዙን ግራጫ ገዝቶ በማግስቱ ቢወጣ፣ ወይ ከመኪና ጋር ይላተማል ወይ ጉዱ በአደባባይ ይወጣል። ስለዚህ ጥሩ ጥሩውን ሲመልስ ዝም አልኩ፤ ዝም አይነቅዝም። እኔ ወፍጮ ቤቱ ጓሮ ባለችው ክፍል የተቀደደ ጆንያ እጠግናለሁ። አቧራው ሳንባ ይደፍናል፣ ሲባጎው ጣት ይቆርጣል፤ ቢሆንም ሁለት አፍ ያበላል። እንደዚህ እየኖርን ሳለ ነው እንግዲህ ራዲዮ የዚያችን ባዝራ ወሬ ይዞብን የመጣው።

«ለሳቅ ነው የምነግርህ ጋሼ» አለ፣ ገና ሳይቀመጥ። «ድንጋይ ነጋዴው ግቢ አንዲት ባዝራ አለች። አጥንቷን ቆመህ ትቆጥረዋለህ። ያ አልበቃ ብሏት ደግሞ ጠባይ የላትም። ትነክሳለች፣ ትራገጣለች፣ ጋሪ ልትታሰር ስትል ሰማይ ምድሩን ታናጋዋለች። እንደው እንዲህ ያለ ጉድ አይቼ አላውቅም።»

ባሌ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ጠርዙን በጣቱ ፈልጎ ነው ያስቀመጠው።

«እንሂድ» አለ።

መንገድ ላይ እንዴት እንደምንሄድ ልንገራችሁ። እኔ ግማሽ እርምጃ ቀደም እልና አፌን እከፍታለሁ። «ይቺን ቦይ አሁንም አልደፈኗትም! ኧረ በሕግ፣ ድንጋዩንስ እዚህ መሐል ማን ጣለው? በግራ እንኳ ሰው አያሳልፍም።» ይህን ሁሉ የምለው ለእሱ ነው። እሱ በድምፄ ይሄዳል። ሰፈሩ ግን «ምስኪን ሚዛን፣ እንዴት ያለች ነዝናዛ ሚስት ጣለበት» ይላል። ይበሉ። የእነሱ ሚስቶች ለምን እንደሚነዘንዙ እነሱ ይወቁ።

የድንጋይ ነጋዴው ግቢ ነጭ አቧራ ለብሷል። የተጠረበው ባንድ በኩል፣ ያልተጠረበው ባንድ በኩል ተከምሯል፤ ጠራቢዎቹ ጥላው ሥር ቁጭ ብለው ያንኳኳሉ። ባዝራይቱ ከብረት ምሰሶ ጋር ታስራለች። መልኳ ቡላ ነው፤ ነበር ልበል። ጎድኗ ወጥቷል፣ ዳሌዋ ላይ አጥንቷ ቆዳዋን ወጥሮታል፣ ጋማዋ ቦታ ቦታው ላይ ረግፏል፣ ኮቴዋ ተሰነጣጥቋል። ሰው ሲጠጋት ጆሮዋን ወደ ኋላ ታጋድማለች፤ የዓይኗ ነጩ ይታያል። እኔን! ብዬ አዘንኩላት፤ በዚያው ቅጽበት ደግሞ ፈራኋት።

ነጋዴው ቁልፎቹን እያንሿሿ መጣ። «ጋሼ፣ አንተን ዓይኔን በጨው አጥቤ አልዋሽህም። ስገዛትም እንዲህ ነበረች፤ ሠርታ ትከፍለኛለች ብዬ ነው። ሆዷን ማሰሪያ ሲነካት ግን ታብዳለች። አንዱን ሠራተኛዬን ክንዱን ይዛ ልትበላው ነበር። የሚወስዳት ካልተገኘ ለቆዳዋ ልሰጣት ነው።»

 ባሌ እያናገራት ወደ ባዝራይቱ ሄደ፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ የማይጨበጥ ነገር። መጀመሪያ አንገቷን አገኘ። ከዚያ እጁ በትከሻዋ በኩል ወረደ፤ ጎድኗን አንድ በአንድ ዳሰሰ፤ ወገቧን፣ ጉልበቷን። ጠራቢዎቹ ሥራቸውን አቁመው ያዩታል። «ዓይኑን ሳይጥልባት በእጁ ብቻ!» አለ አንዱ ተደንቆ። 

«ጆሮዋን አጋደመች!» ጮህኩ። «ኧረ ተጠንቀቅ፣ ጥርሷን አወጣች!»

እጁ ሆዷ ሥር ሲደርስ ተወረወረች። በኋለኛ እግሯ የብረቱን ምሰሶ መታችው፤ ግቢው ጮኸ። ባሌ ትከሻዋ ላይ ተለጥፎ ስለነበር አላገኘችውም። እጁን ግን ከሆዷ አላነሳም። ሲዳስስ ሲዳስስ ቆየና አንድ ቦታ ላይ ጣቱ ቆመ።

«በደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ!» አለ ራዲዮ ከሩቅ፣ ድንጋይ ክምር ላይ ዘሎ ወጥቶ። «ያውም ቃጭል የምትሸከምበት ሥጋ ሳይኖራት!»

«ቁስል ነበራት» አለ ባሌ። «ማሰሪያ በልቷታል። በላዩ ላይ እያሰሩ ሲያሠሯት ኖረዋል።»

«ታዲያ ይድናላ» አለ ነጋዴው።

«ቁስሉስ ድኗል። የማይድነው ልማድ ነው። ደግሞ የተራበ ፈረስ ጠባዩ ገና አልታየም፤ የሚታየው ሲጠግብ ነው። አሁን እንዲህ ከሆነች በኋላ ምን እንደምትሆን እግዜር ይወቅ።»

ሁሉም «ተው» የምትለዋን ቃል መጠበቅ ጀመሩ። እኔም ወደ ቤት ልዞር ነጠላዬን አስተካከልኩ።

«እወስዳታለሁ» አለ።

ራዲዮ ሊስቅ ጀመረና ተወው። ነጋዴው እንኳ የቁልፉን ድምፅ አቆመ። እኔ ግን አልቻልኩም። «አንተ ሰውዬ፣ ና እስቲ ወዲህ!» ብዬ እጅጌውን ይዤ ከድንጋዩ ክምር ኋላ አስገባሁት።

«ጤነኛ ነህ? ያንን የመሰለ ግራጫ አንገቱ አጠረ ብለህ መልሰህ፣ ይሄን አጽም ልትገዛ ነው? ትገድልሃለች እኮ! ስትነካት ጆሮዋ እንዴት እንደሆነ አላየህም?»

ወጣብኝ። ምላሴን በነከስኩት። እሱ ግን ፊቱ አልተለወጠም።

«አላየሁም» አለ። «ዝቅ አድርገሽ ተናገሪ።»

«ታዲያ ምን ልትሠራልህ ነው?»

«አጥንት አይጫንም» አለኝ።

ይህ የባለጋሪዎች ሕግ ነው። የከሳ ፈረስ ጋሪ ላይ ያሰረ ሰው ከመካከላቸው አይቆጠርም፤ ሰላምታም አይሰጡትም። የከሳ የገዛ ሰው ደግሞ ሥጋ እስኪያለብሰው ድረስ ለምን አልወጣህም ብሎ የሚጠይቀው የለም። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ ስሰማው ነው የኖርኩት። እንዲያም ሆኖ እዚያ ቆሜ ምን ማለቱ እንደሆነ እስኪገባኝ ድረስ ጊዜ ወሰደብኝ።

«ግራጫውን ብገዛ በማግስቱ መውጣት አለብኝ» አለ። «ይቺ ግን ጊዜ ትሰጠኛለች። ጠዋት ተነስቼ ጋጣ እገባለሁ። አበላለሁ፣ እጠርጋለሁ፣ በቡሩሽ አሻሻታለሁ። ሰው ሲመጣ ባለፈረስ ሆኜ ያገኘኛል። ባዶ ጋጣ አጠገብ ተቀምጬ እግር ስሰማ ከምውል…»

«ስትወፍርስ?»

ጠራቢዎቹ ሥራቸውን ቀጥለው ነበር። ፊቱን ወደ መዶሻው ድምፅ አዞረ።

«ስትወፍር እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ። እስከዚያ ልልመደው። አንድ ቀን ባለጋሪ ሆኜ አድሬ በማግስቱ ዕውር ሆኜ መነሳት አቃተኝ። አልቻልኩም፣ አንቺ ሴትዮ። ሞክሬ አልቻልኩም።»

ከተጋባን ጀምሮ «አልቻልኩም» ሲል ሰምቼው አላውቅም። ተናደድኩበት፤ በመጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው፣ ልዋሽ አልችልም። ዓይን የሌለው ሰው፣ የምትነክስ የምትራገጥ ባዝራ፣ ጠባብ ጋጣ! ደረቷን ዞር ብታደርግ ግድግዳ ላይ ጨፍልቃው ትቀራለች። ደግሞም የማትሠራ ፈረስ ድርቆሽ ትበላለች፣ ገብስ ትበላለች፤ የሚያበላት የኔ መርፌ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ እኔ «ተው» ካልኩት ወደ ቤት ይዤው የምመለሰውን ሰው አውቀዋለሁ። ግድግዳውን ተደግፎ፣ ያልነካውን ሻይ ይዞ፣ የሚያልፈውን ጋሪ ሁሉ በኮቴው ድምፅ የማን እንደሆነ እየለየ የሚቀመጥ ሰው ነው። እሱም ቀስ ብሎ እየሞተብኝ ነበር።

«የተቀመጠው ገንዘብ የሁለታችን ነው» አለኝ። «ካልፈለግሽ እተዋታለሁ፤ አልቀየምሽም። አንቺው በይ። ውሰድ ወይ ተው።»

ለሰው ሁሉ የሚሰጠውን ቃል ለኔ ሰጠኝና ፊቱን ወደኔ መለሰ፤ ትንሽ ወደ ጎኔ።

«ውሰድ» አልኩት። እንባዬ መጥቶ ነበር፤ እንዳይሰማው በአፍንጫዬ አልሳብኩትም። «ጋጣ የምትገባው ግን እኔ ስኖር ነው። ከነከሰችህ ደግሞ እኔም እደግምሃለሁ።»

«አንቺማ ከሷ ትብሻለሽ» አለ፣ ፈገግ እንደማለት ብሎ።

ባዝራይቱን ይዘን ስንገባ ሰፈሩ ጉድ አለ። «ሚዛን ተሰበረ» አሉ። ራዲዮ ነው ብዬ ጠርጥሬ ልሰድበው ስሄድ፣ ለካ እሱ ይህን ያሉትን ሰዎች ሲጣላ ውሎ ጉሮሮው ተዘግቷል። ባሌ ወሬውን ሰማና ድርቆሹን ይዞ ወደ ጋጣው ገባ። ድሮ ቢሆን ሊጣላቸው ይወጣ ነበር።

አመጋገቧን የሚያውቀው እሱ ነው። መጀመሪያ ድርቆሽ ብቻ፣ ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ፤ ገብስ አይታሰብም፣ የተራበ አንጀት ገብስ ይገድለዋል። ከሰነበተች በኋላ የተዘፈዘፈ ገብስ እፍኝ እፍኝ እያለ ጨመረላት። በየቀኑ ደግሞ እኔ ከአሮጌ ለስላሳ ጆንያ የሰፋሁለትን ቀጭን መቀነት ይዞ ይገባል። ያናግራታል፣ መቀነቱን ያስሸትታታል፣ ትከሻዋ ላይ ያሳርፋል፤ ሌላ ቀን ትንሽ ዝቅ ያደርገዋል። ሆዷ ጋ ሲደርስ እግሯ ይነሳል። ያቆማል። አይቆጣም። ነገ ደግሞ ይሞክራል። እኔ በሩ ላይ መጥረጊያ ይዤ ቆሜ «ጆሮዋ ቀና ነው… አሁን አጋደመች… አሁን ተመለሰ» እላለሁ። ስንቱን ነገር ነው ሰው በትዳር የሚሠራው!

እሱ እንዳለው ሆነ፤ ስትጠግብ ጠባይዋ ወጣ። የጋጣውን ጣውላ ረግጣ ሰነጠቀችው። የእኔን ሻሽ ከራሴ ላይ ነጥቃ አኘከችው። አንድ ጠዋት መቀነቱ ሆዷን እንደነካ ዞረችና ባሌን ግድግዳው ላይ በጎኗ ያዘችው። ትንፋሹ ሲወጣ ሰማሁት። መጥረጊያዬን አንስቼ ልገባ ስል «ተይ!» አለኝ በተቆረጠ ድምፅ፤ «አትምቺያት፣ ዝም በይ።» እዚያው ተጣብቆ ያናግራት ጀመር። ምን እንዳላት አልሰማሁም። በመጨረሻ እሷው ሰውነቷን ወደዚያ አነሳች። ሲወጣ ትከሻው ተልጦ ደም ነበረው። ስጠርግለት እያለቀስኩ «እንሽጣት፣ ሞቼልሃለሁ እንሽጣት» አልኩት። «ፈርታ ነው» አለኝ። «ፍርሃት እኔም አለኝ።»

ጊዜው እንዲህ እየሄደ ቡላው ፀጉሯ ተመለሰ። ዳሌዋ ሞላ። ውሃ ልትጠጣ ደጅ ስትወጣ የሚያልፍ ሰው መቆም ጀመረ። «ጋሼ፣ መቼ ነው የምትወጣው?» ይላል ራዲዮ፤ «ሰዎቹ አፋቸውን ሊይዙ እኮ ነው!» ባሌ «ገና ናት» ይላል። እኔ ደግሞ ሥራ ቦታ ጆንያው ላይ አቀርቅሬ የማስበው ሌላ ነው። በየቀኑ ሥጋ በለበሰች ቁጥር የባሌ ቀን እያጠረ ነው። እጅግ ያመኝ ደግሞ ይህን ሰው ደስ ብሎት ማየቴ ነው፤ ጠዋት እየቀደመኝ ይነሳል፣ ፂሙን ይላጫል፣ ለባዝራይቱ ያንጎራጉራል።

አንድ ቀን አልቻልኩምና «ገብሱን ትንሽ እንቀንሰው» አልኩት። «ትንሽ ብቻ። አትራብም። እንዲሁ ባለችበት ትቆይ።»

ባልዲውን አስቀመጠ። እንዲህ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም። «እኔ ስላላየሁ እሷ ትራብ?» አለ። «ይህን ነው የምትዪኝ? የሰው ፈረስ ከስቶ ሳይ ጌታውን ስሰድብ የኖርኩ ሰው፣ አሁን የራሴን ጉድ ልደብቅ አጥንቷን ላወጣው? ከእንግዲህ ይህን ነገር ካነሳሽ አልሰማሽም!» ወጥቶ በጓዳ በኩል ገብሱን ዘገነ፤ ከወትሮው አብልጦ ነው የዘገነው። እኔ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ያለቀስኩት ስለተቆጣኝ አይደለም፤ ልክ ስለነበር ነው።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየንም። ፀሐይ ሞቅ ባለበት ቀን ከጋጣው ጠራኝ። «ነይ፣ እጅሽን አምጪ።» ሄድኩ። እጄን ይዞ ጎድኗ ላይ አደረገውና ወደ ኋላ ወሰደው፣ ወደ ፊት መለሰው።

«አገኘሽ?»

ጫን አድርጌ ፈለግኩ። ከቆዳዋ ሥር ሥጋ ብቻ ነው። ልዋሸው አሰብኩ፤ ምን ዋጋ አለው፣ እጁ ከእጄ ላይ አልተነሳም።

«አላገኘሁም» አልኩት።

«እኔም አላገኘሁም» አለ።  ከዚያ ወጣና ፊቱን ታጠበ፣ ንጹሕ ኮቴን አምጪልኝ አለኝ፣ የኮቱን ቁልፎች ራሱ ቆለፈ። «ራዲዮን ጥሪልኝ። ሌሎቹም ከሥራ ሲመለሱ ይምጡ። ባዝራይቱ ጋሪ ልትታሰር ነው በያቸው።»

መጡ። ሚዛን ተሰበረ ያሉት ሁሉ መጡ፤ ድንጋይ ነጋዴው ሳይቀር ቁልፉን እያንሿሿ መጣ። ግቢያችን ሞላ፤ አጥር ላይ የወጣም ነበር። ባሌ ባዝራይቱን ይዞ ሲወጣ ገለል አሉለት። ጋሪው ከጠዋት ጀምሮ እሱ ባቆመው ቦታ ነው ያለው። በዘንጎቹ መካከል አስገባት። ልጓሙን አስተካከለ፣ አንገቷ ላይ የሚውለውን አዋለ፣ እጁ አንድም ጊዜ ሳይስት። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ፤ ያን ቀን ምንም እንዳልናገር ነግሮኛል።

የሆድ ማሰሪያውን አነሳ። ጆሮዋ ተጋደመ። እያናገራት በሥሯ አሳለፈው። የኋላ እግሯ ከመሬት ተነሳ፤ አየር ላይ ቆየ። ባሌ ማናገሩን አላቆመም። እግሯን መለሰችው። ማሰሪያውን አጠበቀ፤ ቆማ ታሰረች።

ግቢው በጭብጨባ ተናወጠ። «የት አሉ ተሰበረ ያሉት! የት አሉ!» እያለ ራዲዮ ሰው እየገፋ መጣና ባሌ ፊት ተገተረ።  ሁሉም ባሌ ጋሪው ላይ ወጥቶ እስኪነዳት ነው የሚጠብቁት። እሱ ግን ዛቡን እንደያዘ ቆመ። 

«ራዲዮ» አለ። «የት ነህ?»

ራዲዮ እጁን ቢዘረጋ ይደርስበት ነበር። ቀልድ መስሎት ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ የባሌን ዓይን አየ። ወደኔ ዞረ። እኔ ራሴን ብቻ ነቀነቅሁለት። ያ ምላሱ ሥራ ፈትቶ የማያውቅ ሰውዬ ቃል አጣ። ዝም ባለ ቁጥር ባሌ ፊቱን ወደዚህም ወደዚያም እያዞረ ይፈልገዋል። ያንን ማየት አልቻልኩም።

«እዚህ ነኝ» አለ ራዲዮ በመጨረሻ። ድምፁ የእሱ አይመስልም ነበር። «እዚህ ነኝ፣ ጋሼ።»

«አላይም» አለ ባሌ፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጎ። «ቆየ። አሮጌው ፈረስ ነበር የሚያመላልሰኝ። ይህችን ከእንግዲህ አንተ ትነዳታለህ፤ የፋብሪካውን ጋሪ ተውላቸው። ሆዷን ከመንካትህ በፊት አናግራት። ዝም ብለህ እንዳትነካት።»

ዛቡን ወደ ድምፁ ዘረጋ። እጁ ትንሽ ወደ ጎን ስቶ ነበር። ራዲዮ ዛቡን ሊቀበል አልተንጠራራም፤ ቀስ ብሎ ሄዶ የባሌ እጅ የተዘረጋበት ቦታ ላይ ቆመ።